ኢ. ጂ. የተባለችው ልጅ

ታጉባንግ፣ ፓናይ ደሴት
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2024

ለውዷ ቶያንግ፣ ከእናቴ ልጅ ለማልለይሽ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የልጅ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህ ደህና ከተባለ። ከቅዳሜ ወዲህ አራት ጊዜ ደውለሽ አላነሳሁም። ስልኬ አልተበላሸም፤ ኔትወርኩም ለአንዴ እንኳ አለ። ድምፄን እንድትሰሚው ስላልፈለግሁ ነው። ምክንያቱን እየነገርኩሽ ነው የምሄደው፤ ብቻ እንደ ልማድሽ ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታነቢ በእናትሽ ይዤሻለሁ።

ለገና ደውለሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ኔኒንግ፣ እማዬ አስዋንግ ናት፣ ሌሊት እየበረረች ሰው ትበላለች የሚለው ወሬ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ካወቅሁ፣ አጽሟን አምጥቼ ከአባዬ ጎን አስቀብራታለሁ። ካላወቅሁ እዚሁ ኮሮናዳል ትቅር። ካባረራት ሰው ደጅ አላስተኛትም» አልሽ። በመጪው ጁን ደግሞ የኪራይ ዘመኑ ስለሚያልቅ ያለችበትን መቃብር ልቀቂ ተብለሻል። እናትሽ ቲያ ሳቤል ነፍሷ ሊወጣ ሲል የጠየቀችው ባሏ አጠገብ መተኛት ብቻ ነበር፤ እሱንም ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ አጣችው። ስለዚያ ወሬ የሚነገርበት የታሪክ ጉባኤ ሊካሄድ መሆኑን ስትሰሚ «ሂጂና አጣሪልኝ» አልሽኝ። ሄድኩልሽ።

ጥርጣሬው የያዘኝ ገና ሳልሄድ ነው። የጉባኤውን ዝርዝር በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ለጠፉት። «የታጉባንግ ታሪክና ባህል ጉባኤ» ይላል ከላይ። ከስር የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ታሪክ፣ የጥንቱ የጨው አሠራር፣ የሽመናው... እነዚህን ተያቸው። የቅዳሜ ጠዋቱ ግን እንዲህ ይላል፦ «አንድ የአስዋንግ ወሬ እንዴት ተወለደ? ታጉባንግ፣ 1971። ከኢ. ጂ. ቃል በመነሳት።» ኢ. ጂ. ማለት ወሬውን መጀመሪያ ያወራችው ልጅ ናት፤ ለክብሯ ሲባል ስሟ ተደብቋል አሉ።

እስቲ ሳቂልኝ! በእኛ ከተማ ስም በፊደል ይደበቃል? ስፔኖቹ የቤተሰብ ስም ሲያድሉ ለእኛ ከተማ የፈረንጁ ጂ (G) ደርሶን፣ ከንቲባው ጂ፣ ዶሮ ሌባው ጂ፣ አንቺ ጂ፣ እኔ ጂ። የቀረው ኢ ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከተማው በሙሉ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። በኢ (E) የሚጻፉት ኤልፒዲያ ዓሣ ሻጯ፣ ኤስትሬላ የመዘምራኑ አለቃ፣ ኤውፌሚያ ነፍሷን ይማርና። ኤስትሬላ በዚያው ቀን ልብስ ላሳጥር ብላ መጥታ «እኔ እንደሆንኩ በዚያ ዓመት አያቴ ጋ ኢሎይሎ ነበርኩ» አለችኝ። ማን ጠየቃት? መርፌዬን በአፌ ይዤ አየኋት።

እኔ ግን መቁጠር አላስፈለገኝም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማን ናት ስልሽ ኖርኩ? ኤልፒዲያ። እናትሽ ያዋለደችው፣ በኋላም የሞተው ሕፃን የእሷ ወንድም ነው። ምላሷ ደግሞ ያው ነው፤ ገበያ ላይ ዓሣ ስትጠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ሰው ዋጋውን ይሰማል። አንቺ «ማስረጃ የለሽም» ትዪኝ ነበር። በቃ፣ አሁን ተያዘች አልኩ። ደስ ብሎኛል ብልሽ አትቆጪኝ።

ዓርብ ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት ልጅ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። «ሎላ፣ ሙሉ ስምዎን ይጻፉልኝ» አለችኝ። አያት መሆኔን ማን ነገራት?

«ኔኒንግ» አልኳት።

«ሙሉውን።»

«ሙሉው ኔኒንግ ነው። እዚህ ካለው ሰው የግማሹን ሱሪ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ አላውቃትም የሚል ካለ ይምጣ።»

ሳቀችና ኔኒንግ ብላ ጽፋ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። አንድ ቃል ተጨማሪ ብትጠይቀኝ ኖሮ ምን እንደምላት አላውቅም። ይህን የምልሽ አሁን ነው፤ ያኔ እኔ ራሴ ልብ አላልኩትም።

ከዚያማ የምታውቂው ነው። ጸሎት፣ መዝሙር፣ የከንቲባው ንግግር፣ እንደገና የምክትሉ ንግግር። መምህራኑ ለምስክር ወረቀቱ ብለው መጥተው ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። በየመሃሉ የአምስተኛ ክፍል ልጆች በቀርከሃ መሃል እየዘለሉ ይጨፍራሉ። በካርቶን የታደለን ጣፋጭ ሩዝ ሰው ሠራሽ ጥርሴ ላይ ተጣብቆ እስከ ከሰዓት አልለቀቀኝም።

ያቺን የቅዳሜውን ጥናት አቅራቢ ዶክተር ሮዌናን ግን ከመጀመሪያው አልወደድኳትም። ከኢሎይሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ሰውን ጨርቅ እንደሚመርጥ ገዢ የምታይ። በእረፍት ሰዓት ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል! «ኔኒንግ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? አስተማሪዋ ማየስትራ ኮንሶርሲያ ጋ ተምረዋል?» አለችኝ። «ግማሽ ከተማ ተምሯል» አልኳት። ፈገግ አለችና «ነገ ይመጣሉ አይደል? ቢመጡ ደስ ይለኛል» ብላ ሄደች። ምን ፈልጋ ነው? ምን ሰምታ? ከዚያ ከኤልፒዲያ ጋር በውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቆመው ሲያወሩ አየኋቸው። አሃ፣ አልኩ። ኤልፒዲያ ቀድማ ደርሳ ነገሩን በሌላ ሰው ላይ ልታላክክ ነው። ቤቴ ገብቼ እራቴን ሳልበላ ስጠረጥር አመሸሁ።

ቅዳሜ ጂምናዚየሙ መቆሚያ አጣ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከኤስትሬላ ጎን ተቀመጥኩ። ኤልፒዲያ ከኋላ በሩ አጠገብ ነበረች፤ ዞር ሳልል በዓሣው ሽታ አወቅኋት።

ዶክተሯ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። በ1971 ከማኒላ አንድ ተመራማሪ ድምፅ መቅጃ ማሽን ይዞ እንደመጣ፣ ክፍላችን ገብቶ የአስዋንግ ተረት ለሚነግረው ልጅ ሁሉ ቸኮላት ይሰጥና የራሱን ድምፅ መልሶ ያሰማው እንደነበር ተናገረች። ታስታውሺዋለሽ አይደል፣ ያ ሲስቅ ድዱ የሚታየው ሰውዬ? አንቺ ሁለት ተረት ነግረሽ ሁለት ቸኮላት ወስደሽ ነበር። ካሴቶቹ አርባ ሦስት ናቸው፤ እስካሁን ሳጥን ውስጥ ተረስተው ኖረዋል። ዶክተሯ ሁሉንም ሰማቻቸው። ከአንድ ማክሰኞ በፊት የቲያ ሳቤል ስም በአንዱም የለም። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ሰባት ልጆች ያነሷታል፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ አንዱ ጥፍር፣ አንዱ ረጅም ምላስ።

«ወሬው ከመንደሩ ወደ ካሴቱ አልገባም» አለች ዶክተሯ። «ከካሴቱ ነው ወደ መንደሩ የወጣው። ሕፃኑ የሞተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በጤና ጣቢያው መዝገብ የሞተው በኩፍኝ ነው። ነገር ግን ያኔ ከተማው ተረቱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።» ከዚያም «አሁን ኢ. ጂ.ን እናዳምጣት» አለች። እኔ ወደ ፊት ዘንበል አልኩ፤ የኤልፒዲያን ድምፅ ለመለየት።

ካሴቱ መጀመሪያ ተንጫጫ። ከዚያ ሰውዬው «አንቺስ? የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ። ተረት የለሽም?» አለ። ወንበር ተንቋቋ።

«አለኝ» አለች አንዲት ልጅ። ድምፅዋ በጣም ትንሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። «ቲያ ሻቤል አስዋንግ ናት። መስኮቷ ላይ የዘይት ጠርሙስ አላት። እሱን ትቀባና ክንፍ ታወጣለች። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ጣራ ላይ ትሄዳለች።»

«አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ።»

«አትፈሪያትም?»

«አልፈራትም። ጥሩ ናት። በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ትሰጠኛለች።»

«ታዲያ አስዋንግ ናት ያልሽው ለምንድን ነው?»

እንደገና ወንበሩ ተንቋቋ። ከዚያ፦

«ሁሉም ተረት አላቸው፤ እኔ ብቻ የለኝም።»

ሰውዬው ሳቀ። የቸኮላት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። አለቀ።

ቶያንግ፣ «ሻቤል» ነው ያለችው፤ ሌላውን ቃሏን አቃንቼ ጻፍኩልሽ። ሳቤል አይደለም። አንቺ እዚያ ብትኖሪ ከዚያች አንዲት ቃል ታውቂያት ነበር። በዚያ ሳምንት ከጓሯችሁ ዘይቱና ዛፍ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሶቿን የሰበረችው ማን ናት? ደም የሞላውን አፏን ይዛ «ሻ» እያለች ስታለቅስ እናትሽ ደሟን በቀሚሷ የጠረገችላት ማን ናት? ኔኒንግ የቤት ስሜ ነው። ወንዶቹ ሲያላግጡብኝ የክርስትና ስሜን ጠልቼው፣ እናቴን ለምኜ ከሰው አፍ አስጠፋሁት። በማየስትራ የክፍል መዝገብ ላይ ግን አልጠፋም። እዚያ በኢ ነው የሚጀምረው።

አታውቂም ነበር ወይ ብትዪኝ ምን ልበልሽ? አላውቅም ብልሽ እዋሻለሁ፤ አውቅ ነበር ብልሽም እውነቱ ሙሉ አይሆንም። ለሰውዬው አንድ ነገር እንደነገርኩት አስታውስ ነበር። ግን ሌሎቹ ካወሩ በኋላ ነው፣ የሰማሁትን ነው የደገምኩት እያልኩ ለራሴ ስነግር ስነግር ነገሩ ተደላደለ። የማላክክባት ደግሞ ኤልፒዲያን አገኘሁ። ስለ እሷ ለአንቺ በጻፍኩ ቁጥር እኔ ንጹሕ እሆን ነበር። ዶክተሯ ስለ ቲክ-ቲክ ወፍም አንስታ ነበር፤ አስዋንግ ስትመጣ የሚጮኸው፣ ድምፁ ሲጎላ ሩቅ፣ ሲደክም ቅርብ ነው ይሉን የነበረው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ጆሮዬን ወደ ኤልፒዲያ ጩኸት ነበር ያቆምኩት።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሚ። ካሴቱ እንዳለቀ አዳራሹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ፤ ወደ ኤልፒዲያ። እሷም ተነስታ በዚያ ድምፅዋ «እኔ አይደለሁም! ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ ነበር!» ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ። ከመሃል አንዱ «ሌባ ሁሉ ታምሜ ነበር ነው የሚለው» አለ። ኤስትሬላ ክርኔን ነካ አድርጋ «ኔኒንግ፣ አንቺ ከእነሱ ክፍል አይደለሽ? እሷ ናት እንዴ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኩ። እንጃ ብዬ ግን ዞሬ ኤልፒዲያን አየኋት። ኤስትሬላም የማየውን አየች። ለእሷ ያ በቂ ነበር፤ እስከ ምሳ ድረስ ለከተማው በቂ ሆነ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቅዳሜ ግን ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቸኮላት የሰጠኝም የለም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ገበያ ሄድኩ። ኤልፒዲያ ጋ ሰው የለም። ከግራና ከቀኟ ያሉት ሴቶች ይሸጣሉ፤ የእሷ ዓሣ በቀለጠ በረዶ ውስጥ ተኝቷል። አንዲት ወጣት እናት ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ ዞራ አለፈች። ያን አሳሳብ አውቀዋለሁ፤ እናትሽ መንገድ ላይ ስታልፍ ሰው ልጁን እንዲህ ነበር የሚስበው። ኤልፒዲያ አየችኝና አልጮኸችም። «ኔኒንግ፣ ሌላው ባያምነኝ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ በመስኮት ዘይቱና የወረወርሽልኝ አንቺ አይደለሽ? ለእኔ ስትለቅሚ አይደል የወደቅሽው?»

አዎ፣ ቶያንግ፣ ለእሷ ስለቅም ነው የወደቅሁት። በዚያ ማክሰኞ ትምህርት ቤት እንዳልነበረች ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ይህን እያወቅሁ ነው ሃምሳ ዓመት ስሟን ስጽፍልሽ የኖርኩት። ጀርባዬን ሰጥቻት ሄድኩ።

የሄድኩት ግን ወደ ቤቴ አይደለም። ዶክተር ሮዌና ከቄሱ ቤት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ደረስኩባት። ሳታስጨርሰኝ «አውቄ ነበር» አለችኝ። «በማየስትራ መዝገብ የቤት ስምዎ ከጎን ተጽፎ ስላየሁ ነው ዓርብ ወደ እርስዎ የመጣሁት። እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልነግርዎት ፈልጌ አቃተኝ። ማንም አያስገድድዎትም፤ በመጽሐፉም ላይ ኢ. ጂ. ብለን ነው የምናትመው።»

«ኤልፒዲያንስ?» አልኳት። «እሷንም በኢ. ጂ. ልታትሟት ነው?»

ከቦርሳዋ ስሜ እንዲታተም የምፈርምበትን የፈቃድ ቅጽ አወጣች። ሻንጣዋ ላይ አስደግፌ፣ ማየስትራ ባስተማረችን ጽሕፈት፣ ስሜን ከነቤተሰቤ ስም ጻፍኩ። አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ስጠረጥራት የነበረችው ዶክተር እኮ እያለቀሰች ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገበያ ሄጄ፣ ዓሣ የሚገዛው ሰው ሁሉ ባለበት፣ ለኤልፒዲያ ነገርኳት። ጮክ ብዬ ነው የነገርኳት፤ እንዲሰሙ። ትሰድበኛለች፣ በዓሣ ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ኤልፒዲያ ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ? ቢላዋዋን ጠረገች፣ በረዶውን አስተካከለች፣ ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ለቶያንግ ጻፊላት። በደሉ ከእኔ በፊት የእሷ ነው» አለችኝ። ኤስትሬላ ቅርጫቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በ1972 ወሬው አባሯችሁ መርከቡ ሲነሳ ወደብ ላይ ስትፈልጊኝ ነበር። «ለምን አልመጣሽም?» ብለሽ ስትጽፊልኝ ትኩሳት ይዞኝ ነው አልኩሽ። ትኩሳት አልነበረኝም። ደረቅ ኮኮናት ከታጨቀባቸው የኮፕራ ጆንያዎች ጀርባ ተደብቄ ነበር። እናትሽ አየችኝ። ሁለት ጥቅል ሩዝ ጆንያው ላይ አስቀምጣልኝ ወደ መርከቡ ሄደች። እኔ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር ይሆን? ማየስትራ ነግራት ይሆን? ይህን ጥያቄ ሃምሳ ሁለት ዓመት ስሸሸው ኖሬ አሁን የምጠይቃት ሰው የለችም። አንቺስ ነግራሽ ታውቃለች? ነግራሽ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዘመን አውቀሽ «ሂጂና አጣሪልኝ» ብለሽኝ ከሆነ፣ ከዚህ የበለጠ አትቅጪኝ።

ከማን አፍ ነው የወጣው አልሽ፤ ከእኔ ነው። ቃልሽን ልታጥፊው ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው። ግን ቲያ ሳቤልን አምጫት። በእኔ ጥፋት አባትሽ ቲዮ ጎርዮ ብቻውን መተኛት የለበትም። የመቃብሩን ሣር ዛሬ ከሰዓት ነቀልኩ፤ በአጠገቡ ያለው ቦታ ንጹሕ ነው። ቄሱንም አነጋግሬአለሁ። ካባረራት ሰው ደጅ አላስተኛትም ያልሽውን አስቤበታለሁ፤ ቤቴ ከመቃብሩ ማዶ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለቀብሩ አትምጪ ካልሽኝ በዚያ ቀን መስኮቶቼን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ኤልፒዲያ ግን ልምጣ ብላለች፤ እሷን አትከልክያት።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ልጆችሽንና የልጅ ልጆችሽን ከክፉ ምላስ ሁሉ ይጠብቅልሽ። የአጽሟን ሳጥን ስታነሺ፣ ልጅ እያለን ለምርቃት እጇን ይዘን ግንባራችንን እናስነካው እንደነበረው፣ ግንባርሽን አንዴ አስነኪልኝ። በእኔ ስም አይሁን፤ የእኔን መቀበሏን አላውቅም። በአንቺው ስም ይሁን።

ኤውስታኪያ ጉማዎን
ኔኒንግ ስትዪያት የኖርሽዋ